ከፋኑ ቀስት ጀምር፦ ስለ ጭስ ማጣሪያ ጥገና ለአንድ የጅማ ቴክኒሺያን

ጥያቄው በአጭሩ ይኸው፦

«ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ከገባሁ ሦስት ወሬ ነው። በቡና ገለባ የሚነድ ቦይለር አለን። ጭሱ አሽከርክሮ ከባዱን አመድ በሚጥለው ሳይክሎን አልፎ ወደ ከረጢት ማጣሪያ ይገባል። ብረት በአሲድ የሚታጠብበት ክፍል ደግሞ የአሲዱን ጭስ በፈሳሽ የሚያጥብ ስክራበር አለ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሥራ ለቋል፤ መጽሐፉም በቻይንኛ ነው። የማጣሪያው ፋን ሞተር ተቃጥሎ፣ ሽቦው እንደገና ተጠቅልሎ ከገባ ሁለት ሳምንት ሆነው። ከዚያ ወዲህ የማጣሪያው ግፊት መለኪያ በውሃ ከፍታ ሲለካ ከ110 ወደ 50 ሚሊሜትር ወርዷል። አለቃዬ ‹ወረደ ማለት ንጹሕ ሆነ ማለት ነው› ይላል። ግን ቦይለሩን የሚያነደው ልጅ በሩን ሲከፍት ጭሱ ፊቱ ላይ ይመጣል። በየስንት ጊዜው ምን ምን ማየት አለብኝ?»

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። በመጀመሪያ የአለቃህን ነገር እንፍታ። ወረደ ማለት ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም። ያ መለኪያ የሚነግርህ አየሩ ከረጢቶቹን ሰንጥቆ ለማለፍ ምን ያህል እንደሚታገል ነው። ትግሉ ከቀነሰ ወይ መንገዱ ተከፍቷል ወይ የሚያልፈው አየር አንሷል። ከረጢት ተቀዶ ቢሆን ኖሮ አቧራው በጭስ ማውጫው ጫፍ ይታይህ ነበር፤ ቦይለሩም እንዲያውም ከድሮው በተሻለ ይስብ ነበር። አንተ ጋ ግን ጭሱ ወደ ኋላ ተመልሶ በበሩ ይወጣል። ስለዚህ አየር አንሷል። ፋኑ ይዞራል እንጂ አይስብም።

ሞተሩ ተጠቅልሎ ገባ ያልከው ላይ ስደርስ ደግሞ ጆሮዬ ቆመ። የሦስት ፌዝ ሞተር ሽቦዎቹ ሲመለሱ ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ ወደ ኋላ ይዞራል። እንዳንተ ያለው፣ ቤቱ ቀንድ አውጣ የሚመስለው ፋን ደግሞ አታላይ ነው። ወደ ኋላ ቢዞርም አየሩን የሚገፋው በዚያው በድሮው አቅጣጫ ነው፤ አቅሙ ብቻ በጣም ይወርዳል። እጅህን መውጫው ላይ ብታደርግ ነፋስ አለ። ድምፁም አለ። ሁሉም ሰው «ፋኑ ይሠራል» ይልሃል።

እኔ ራሴ በዚህ ተሸውጃለሁ። ዓመታት አልፈውታል፤ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ልክ እንዳንተው ጭስ ወደ ኋላ ይመጣል ተብሎ ተጠራሁ። ከረጢት አወጣን፣ አራገፍን፣ መለስን። ቱቦ ፈታን። ሦስት ቀን ፈጀብን። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ቀለም ቀቢ ልጅ የፋኑን ቤት በብሩሽ እየጠረገ «ይቺ ቀስት ወደዚህ ትላለች፣ ዘንጉ ግን ወደዚያ ነው የሚዞረው፤ ልክ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን እላለሁ? ሻይ ጋበዝኩት። ሁለት ሽቦ ማቀያየር አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ስለዚህ የፋኑ ቤት ላይ ያለውን ቀስት ፈልግ። በአቧራ ወይም በቀለም ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፋኑን አስጠፋና ሊቆም ሲል፣ ፍጥነቱ በርዶ ዘንጉ በዓይን ሲታይ፣ ወደየት እንደሚዞር እይ። መከለያውን ሳትፈታ፣ ከውጭ ሆነህ ማለቴ ነው። ከቀስቱ ጋር ካልተስማማ ኤሌክትሪሺያኑ ኃይሉን ቆልፎ ከሦስቱ ሁለቱን ያቀያይርልህ። አቅጣጫው ትክክል ከሆነ ሞተሩን ከፋኑ ጋር የሚያያይዘውን ቀበቶ፣ ቺንጊያውን ጠርጥር። ሞተር ወጥቶ ሲገባ ብዙ ጊዜ ቺንጊያው ላላ ብሎ ይታሰራል። ከመከለያው ሥር ጥቁር የጎማ ዱቄት ካየህ እየተንሸራተተ ነው። ሦስተኛው የአየሩን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ዳምፐር ነው፤ ለሥራው ተብሎ ተዘግቶ የረሳው ሰው ይኖር ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። በየስንት ጊዜው ብለሃል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምመልሰው የጊዜ ሠሌዳው በኋላ ይደርሳል፣ መጀመሪያ መነሻ ቁጥር ያዝ እያልኩ ነው። መሣሪያው ጤነኛ በሆነበት ቀን ግፊቱ ስንት ነበር? ሞተሩ ስንት አምፒር ይስብ ነበር? ጭሱ ማጣሪያው አፍ ላይ ስንት ዲግሪ ነበር? ከረጢቶቹን የሚያራግፈው የታመቀ አየር ስንት ባር ነበር? እነዚህን አራቱን ካልያዝክ ዛሬ የምታየው ቁጥር በጎ ይሁን ክፉ በምን ታውቃለህ። ተመልከት፣ አንተ 110 የምትለውን ቁጥር ስለያዝክ ነው ዛሬ መነጋገር የቻልነው።

የቻይንኛው መጽሐፍ ቢተረጎምልህም እንዳለ አትቀበለው። የፋን ካታሎግ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ለባሕር ወለል አየር ነው፣ በኩብ ሜትር 1.2 ኪሎ ግራም ለሚመዝን። ጅማ ከባሕር ወለል 1,750 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። እዚህ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ያው ፋን በያው ፍጥነት ያንኑ መጠን አየር ያንቀሳቅሳል፤ የሚፈጥረው ግፊት ግን በዚያው ልክ ያንሳል፣ የሚስበው አምፒርም እንዲሁ። ስለዚህ መጽሐፉ 150 ብሎ አንተ ጋ 120 ቢያሳይ አትደንግጥ። መነሻህ የጅማው ቁጥር ነው።

መለኪያውን ራሱን ደግሞ ዝም ብለህ አትመነው። ሁለቱ ቀጫጭን ቱቦዎች በአመድ ይደፈናሉ፤ ያኔ መርፌው ለወር አንድ ቦታ ላይ ተገትሮ ይቀራል፣ እናንተም «የተረጋጋ ነው» እያላችሁ ትጽፋላችሁ። በየሳምንቱ ቱቦዎቹን ከመለኪያው ንቀልና ወደ ማጣሪያው በኩል በታመቀ አየር ንፋቸው። መለኪያው ላይ እንዳትነፋ፣ ትገድለዋለህ። ከተጠራጠርክ በርካሽ የሚሠራ ማመሳከሪያ አለ። የግሉኮስ መስጫ ቱቦ የመሰለ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ቱቦ በዩ ቅርጽ ጣውላ ላይ አስረህ፣ ቀይ ቀለም ጠብ ያደረግክበትን ውሃ እስከ ግማሹ ትሞላለህ። ሁለቱን ጫፎች ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ስታገናኛቸው የውሃው ከፍታ ልዩነት በማስመሪያ ይለካል። 80 ሚሊሜትር ከሆነ 80 ነው። ባትሪ የለው፣ አይዋሽ።

በየቀኑ የሚሠራው አሥራ አምስት ደቂቃ አይሞላም። አራቱን ቁጥሮች በደብተር ጻፍ። ከዚያ ግቢ ውስጥ ቆመህ ጭስ ማውጫውን ቀና ብለህ እይ። ነጭ ሆኖ ጥቂት ሜትር ሄዶ የሚጠፋው የውሃ እንፋሎት ነው፤ በጅማ ጠዋት፣ በተለይ በዝናብ ማግስት፣ ረዘም ብሎ ይታያል፣ አያስጨንቅህ። ጥቁሩ በደንብ ያልነደደ ነው፦ ገለባው እርጥብ ነው ወይም አየር አንሶታል። ይህንን ከቦይለሩ እንጂ ከማጣሪያው አትጠይቅ። ግራጫ ሆኖ የማይጠፋ፣ እየተጎተተ የሚሄድ ከሆነ ግን አቧራ ነው። አቧራው ከረጢቶቹ ሲራገፉ ብቻ ቡን ቡን የሚል ከሆነ አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ።

ቀጥሎ ጆሮህን ተጠቀም። የከረጢት ማጣሪያ በየተራ በታመቀ አየር ይራገፋል። ጤነኛ ቫልቭ «ጧ!» ይላል፣ አጭርና ደረቅ። ዲያፍራሙ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ስስ ጎማ፣ የተቀደደው «ፉፍስስስ» እያለ ይጎትታል። በኤሌክትሪክ የሚከፍተው ሶሌኖይድ የሞተበት ጭራሽ ዝም ነው። ስምንት ቫልቭ ካለህ ስምንት ጧታ መቁጠር አለብህ። እኔ አጠገቡ ቆሜ በጣቴ ነው የምቆጥረው፤ ሰባት ላይ ከቀረ ስምንተኛው ረድፍ አይራገፍም፣ አየሩ በሙሉ በሌሎቹ ላይ ይጫናል ማለት ነው። የአየር ጋኑን መለኪያም አብረህ እይ። በእያንዳንዱ ምት ዝቅ ብሎ ከሚቀጥለው በፊት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ አንዱ ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቷል ወይም ኮምፕሬሰሩ ደክሟል። አብዛኛው ማጣሪያ በ5 እና በ6 ባር መካከል ይሠራል።

የኮምፕሬሰሩን ውሃ በየቀኑ አፍስስ። ይህንን ደግሜ ብነግርህ ደስ ይለኛል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ አየሩ እርጥብ ነው፤ ኮምፕሬሰር ያንን እርጥበት ጨምቆ ጋኑ ሥር ያጠራቅመዋል። ካላፈሰስከው በእያንዳንዱ ምት ከረጢቱ ላይ ውሃ ትረጫለህ። አመድና ውሃ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ ልነግርህ አያስፈልግም። የቡና ገለባ አመድ ደግሞ የባሰ ነው። ፖታሽየሙ ብዙ ስለሆነ እርጥበት ከአየር ሳይቀር ይጠጣል፤ መጀመሪያ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። እንዲህ የተለሰነ ከረጢት ብታራግፈው አይራገፍም።

ስለዚህ ክረምት ላይ ትልቁ ጠላትህ አቧራው ሳይሆን ቅዝቃዜው ነው። ገለባው ጣሪያ ሥር ይሁን። ጠዋት ስትነሣ ቀዝቃዛ ማጣሪያ ውስጥ እርጥብ ጭስ አትልቀቅ፤ ማለፊያ መስመር ካለህ ጭሱ እስኪሞቅ በዚያ በኩል ይሂድ፣ ከሌለህ መጀመሪያ በደረቅ እንጨት አሙቀው። ማታ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ፋኑን ወዲያው አታጥፋ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ንጹሕ አየር ይሳብና እርጥቡን ጭስ ጠርጎ ያውጣ። መብራት ቆጥቤ ብለህ ይህንን ስትዘል የምትከፍለው በከረጢት ነው።

ሙቀቱ ወደ ላይም ድንበር አለው። ከረጢትህ ከምን እንደተሠራ የግዢ ወረቀት ላይ ፈልግ። ፖሊስተር 130 ዲግሪ አካባቢ ላይ ያበቃል፤ ትኩስ እርጥበት ደግሞ ከዚያም በታች ቀስ እያለ ይበላዋል። አራሚድ 200 ድረስ ይሄዳል። ቴፍሎን 260። የቦይለር ጭስ በቀላሉ ከ150 ስለሚያልፍ ፖሊስተር ከሆነ የሙቀት ማንቂያ ሳይኖርህ አትተኛ። አንድ ቦታ የማጣሪያ ከረጢት ጠፋ ብለው ልብስ ሰፊ ጋ ሄደው ከአቡጀዲ አሰፍተው አየሁ። ስፌቱ ያምራል፣ ይደንቃል። አራት ቀን አልቆየም። ለቤት ቡና ማጥለያ ይሆን ነበር።

የገለባ እሳት ሌላም ጣጣ አለው፣ ፍንጣሪው። ቀላል ስለሆነ እየነደደ ይበራል። እሱን የሚያስቀርልህ ሳይክሎኑ ነው፣ ሳይክሎኑን የሚያበላሸው ደግሞ ከሥሩ የሚገባ አየር ነው። ከታች አመድ የሚያወጣው ሮታሪ ቫልቭ ላስቲኩ ካለቀ፣ ወይም ሠራተኛው የአመዱን በር ከፍቶ ከተወው፣ አየር ወደ ላይ እየነፋ የወረደውን አመድ መልሶ ያነሣዋል። በየሳምንቱ ይህችን ሞክር፦ ፋኑ እየሠራ ዕጣን አጭስና ጭሱን በቱቦው መገጣጠሚያ (ፍላንጅ)፣ በብየዳው፣ በበሩ ጠርዝ ዳር ዳር አዙረው። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ እዚያ ቀዳዳ አለ። ማሸጊያውን (ጓርኒሲዮኑን) ቀይር ወይም አስበይድ። ኮረብታው ላይ ካለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እስከ ታች ከተማ ዕጣን የማይጨስበት ቤት የለም፤ እኛ ደግሞ ለላሜራ እናጨሳለን። ይህንን ግን የቀለም ትነት ወይም የሚቀጣጠል ዱቄት ባለበት ፋብሪካ እንዳትሞክረው፤ እዚያ ፍም ይዞ መዞር ማበድ ነው።

አመዱን ማጣሪያው ሥር አታጠራቅም። ያ ወደ ታች የሚጠበው ክፍል ማስተላለፊያ ነው፣ መጋዘን አይደለም። ውስጡ ሳይጠፋ የቀረ ፍም ካለ ሌሊት ተቀጣጥሎ ከረጢቱን ያነድልሃል። ወጥቶም ክዳን ባለው የብረት በርሜል ይቆይ፣ ጆንያ ውስጥ አይግባ። ሲጣበቅ በመዶሻ የመቀጥቀጥ ልማድም አለ። የተጎረበጠ ላሜራ የበለጠ አመድ ይይዛል፣ እናንተም የበለጠ ትቀጠቅጣላችሁ። የጎማ መዶሻ ያዝ።

ፋኑን በሳምንት አንድ ጊዜ አጠገቡ ቆመህ አድምጠው። ኩሽኔታው ያለወትሮው ከጮኸ ወይም ከመነሻው በግልጽ ከሞቀ ግራሶ ጠይቆሃል፤ ግን ግራሶ ማብዛትም ኩሽኔታ ይገድላል፣ እንዲያውም ከማሳነሱ ይልቅ በማብዛት የተቃጠለ ነው በብዛት ያየሁት። ቺንጊያውን መሐሉ ላይ ስትጫነው ለአንድ ሜትር ርዝመት 16 ሚሊሜትር ያህል ይግባ። ስትቀይር ሁሉንም በአንድ ላይ ቀይር፤ አንድ አዲስ ከሦስት አሮጌ ጋር ካሰርክ አዲሱ ብቻውን ሸክሙን ይዞ ያልቃል። መንቀጥቀጥ ከጀመረ ብዙ ጊዜ ክንፎቹ ላይ የተጋገረ አመድ ነው፣ ተቆልፎ ይጠረግ።

በወር አንድ ጊዜ የማጣሪያውን ላይኛ ክዳን ክፈትና በባትሪ እይ። ይህ ንጹሑ ወገን ነው፤ አቧራ ሊኖርበት አይገባም። ነጭ ጨርቅ ጥረግበት። ከአንዱ ከረጢት አፍ ዙሪያ እንደ ኮከብ ጨረር የተበተነ አመድ ካየህ የተቀደደው እሱ ነው። ስትቀይረው የሽቦ ቅርጫቱንም እይ፤ የዛገ ወይም የጎበጠ ቅርጫት አዲሱን ከረጢት በሳምንት ይበሳዋል። አዲስ ከረጢት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ሊያሳልፍ ይችላል፣ ላዩ ላይ ስስ የአመድ ሽፋን እስኪይዝ ድረስ። የሚያጣራው ያ ሽፋን ነው። ስለዚህ «ንጹሕ ይሁን» ብለህ ምቱን አታብዛ።

መቼም ገብተህ የምትሠራበት ቀን ይመጣል። እዚህ ላይ አልቀልድም። መብራት ሄዷል ብለህ እንዳትገባ! መብራት በሄደበት ፍጥነት ይመለሳል። ብሬከሩን በራስህ ቁልፍ ቆልፈህ ቁልፉን ኪስህ ክተት። የአየር ጋኑን አስተንፍስ፣ አለበለዚያ ቫልቭ እላይህ ላይ ይተኩሳል። የሚጤስ አመድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ያዞርሃል ከዚያ ይጥልሃል። ክፈት፣ አናፍስ፣ በጋዝ መለኪያ ለካ። ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ አትግባ። ውጭ አንድ ሰው ይቁም፤ ሥራው መቆም ብቻ ነው፣ ስልክም አያነሣ። አንተ ብትወድቅ ተከትሎህ አይግባ፣ ገመድህን ይሳብ። መለኪያ የለንም ካሉህ ደግሞ አልገባም በል።

ስክራበሩ ከዚህ ይቀላል። አራት ነገር ያዝ፦ የፈሳሹ ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ)፣ የፓምፑ ግፊት፣ የጋኑ ከፍታ፣ የኖዝሎቹ ርጭት። ለሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጭስ ፒኤቹን ከ7 እስከ 9 አካባቢ ያዘው። ካስቲክ ሶዳ ማብዛት ጥቅም የለውም፤ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መምጠጥ ይጀምርና ካስቲኩን በከንቱ ትጨርሳለህ፣ ኖራ የመሰለ ቅርፊትም ጭሱና ፈሳሹ የሚገናኙበት መሙያ ላይ ይጋገራል። የፒኤች መለኪያውን በየሳምንቱ በ7 እና በ10 ማስተካከያ ፈሳሽ ፈትሽ። የፓምፑ ግፊት ከፍ ብሎ ርጭቱ ካነሰ ኖዝል ተደፍኗል። ግፊቱ ከወደቀ ወይ ኖዝል ወልቋል ወይ ፓምፑ አርጅቷል። ከጭስ ማውጫው ጠብታ እየወረደ ጣሪያው ከዛገ ጠብታ መያዣው ተደፍኗል ወይም ቦታውን ለቋል። ካስቲክ ስትበጠብጥ ካስቲኩን ወደ ውሃው ጨምር፣ ውሃውን ወደ ካስቲኩ አይደለም፤ መነጽርም አድርግ። የቆሸሸውን ፈሳሽ ደግሞ ወደ ዝናብ ቦይ አትልቀቀው። ቦዩ አዌቱ ወንዝ ነው የሚገባው፣ ከታች ደግሞ ልብስ የሚያጥብ ሰው አለ።

ደብተሩን ለራስህ ስትል ያዘው፤ ግን ለሌላም ይጠቅምሃል። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት የአካባቢ ተቆጣጣሪ ሳያስጠነቅቅ ፋብሪካ መግባት ይችላል። በመጣ ቀን በቀን በቀኑ የተጻፈ፣ ግራሶ የነካው፣ ጥግ ጥጉ የታጠፈ ደብተር ስታወጣለት ንግግሩ ሌላ ይሆናል። በአንድ ብዕር በአንድ ቀን የተጻፈ የሦስት ወር መዝገብ ግን ማንም ያውቀዋል።

መለዋወጫ ላይ አለቃህን ጨቅጭቀው። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እዚያም ያንተ ልክ ከረጢት መደርደሪያ ላይ አይጠብቅህም። ከክረምት በፊት ጥቂት ከረጢቶች ከነቅርጫታቸው፣ የዲያፍራም መለወጫ፣ አንድ ሙሉ ቺንጊያ፣ ሁለት ኩሽኔታ መጋዘን ይግቡ።

ይህ ሁሉ ግን ነገ አይደለም። ነገ ጠዋት ብሩሽ ይዘህ ሂድና የፋኑን ቤት ጥረገው። ቀስቷ ወደየት እንደምትል፣ ዘንጉ ወደየት እንደሚዞር ጻፍልኝ። መለኪያው ወደ 110 ከተመለሰም ቁጥሩን ከነሰዓቱ ላክልኝ፤ ያቺ የደብተርህ የመጀመሪያዋ መስመር ትሆናለች።